የየሻረግ ተራ

የሻረግ ከዙሪክ ደውላ «እሑድ ማኅበሩን የምደግሰው ተራራ ላይ ነው» ስትለኝ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም።

«በዚህ ዝናብ? ምን ነካሽ አንቺ?»

«ጃንጥላ ያዢ» አለችኝና እሷው ቀድማ ዘጋችው።

ዘመኑ ሰባ አራት፣ ወሩ ነሐሴ ነው። የማርያም ማኅበርተኞች ነን እንላለን እንጂ ያለነው አራት ብቻ ነን፤ እኔ ከጄኔቭ፣ ከዙሪክ ደግሞ የሻረግ፣ አስፋና ጋሽ ከተማ። ቀኗ በሃያ አንድ ብትሆንም የፈረንጅ አለቃ ለማርያም ፈቃድ ስለማይሰጥ በቀረበው እሑድ እናከብራለን። ማኅበሩ ገና ከሰኔ ወዲህ የተጀመረ ነው። ጽዋችንም ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ ከሚባል ሰፈር፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛናት የሸክላ ማሰሮ ናት።

የሻረግ እዚያው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ባለፈው ወር ሻይ ልንጠጣ ሄደን ሳቃችንን የሰማች አከራይዋ «ሁለተኛ እንግዳ ብታመጪ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ትወጫለሽ» ብላታለች። ከዙሪክ ወጣ ብላ ባለችው ዋሊሰለን ሰፊ ሳሎን ያለው አስፋ «እኔ ቤት አድርጊው» ብሎ ለመናት። እሷ ግን «የኔ ድግስ በሰው ቤት አይሆንም» ብላ እምቢ አለች፤ ተራራ ላይ ያለ አንድ አሮጌ ምሽግ መረጠች።

ግትርነቷ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። በቀይ ሽብር ጊዜ ጉለሌ ቤቷ ማኅበር ደግሳ ሳለ የቀበሌ ጥበቃዎች በሩን ገንጥለው ገቡ። «የምን ስብሰባ ነው?» አሉ። ጽዋው ለባለተራው ሳይተላለፍ በሰደፍ ተመትቶ ተሰበረ። ባሏን ፍቅሬን ይዘውት ሄዱ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ማኅበሩም በዚያው ቀረ። ስለዚህ አሁን ተራው ሲደርሳት ያለችን አንድ ነገር ብቻ ነበር። «በእኔ እጅ ሁለት ጊዜ አይቋረጥም።»

እሑድ ዕለት በባቡር ኡስተር የምትባል ትንሽ ከተማ ደረስን፤ ከዚያ በአውቶቡስ ሄደን ጫካው ጥግ ወረድን። ዝናቡን ያዘንበዋል፣ ዳገቱ ጭቃ ነው። ጋሽ ከተማ በከዘራቸው፣ አስፋ ድፎውን በጀርባው አዝሎ፣ እኔ ደግሞ ለቢሮ በገዛሁት ቆንጆ ጫማዬ እየተንሸራተትኩ እንወጣለን። የሻረግ ማሰሮውን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ታቅፋ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። እንቀበልሽ ብንላት አትሰጥም።

«የሻረግ፣ ማርያም እኮ ሜዳ ላይም ትሰማለች!» አልኳት፣ ሁለተኛ ስወድቅ።

«አንቺን ግን አትሰማሽም፣ ወሬ ታበዢያለሽ» አለችኝ ሳትዞር። አስፋ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

ጉሙ ገለል ሲል ምሽጉ ብቅ አለና አፌን ዘጋሁ። ከስንት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ መሳፍንት ገደሉ አፋፍ ላይ ገንብተውታል። ዓለቱ የት አብቅቶ ግንቡ የት እንደጀመረ አይለይም። ጋሽ ከተማ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ቁርጥ ጎንደር!» አሉ። ለጋሽ ከተማ ድንጋይ ሁሉ ጎንደር ነው፤ ያን ዕለት ግን አልሳቅኩባቸውም። ሰው ያን ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ በዚያ ገደል መውጣቱ በጣም ገረመኝ። ማሰሮ ታቅፋ ከፊቴ የምትወጣው ሴት ደግሞ ከግንቡም ይበልጥ ገረመችኝ።

በሩ ላይ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ጠባቂ ቁልፍ ይዞ ቆሟል።

«ገሽሎሰን!» አለን። ተዘግቷል፤ ደረጃው ስለሚያዳልጥ ዛሬ ማንም አይገባም። አስፋ በጀርመንኛ ለመነው። እኔ ደግሞ ብስጭቴን በፈረንሳይኛ አወረድኩበት፤ ቋንቋው ባይገባውም ስድቡ ሳይገባው አልቀረም። ሰውየው በሩን ይስብ ጀመር።

ይኼኔ የሻረግ ወደ ፊት ራመድ አለች። ውሃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ በዚያች ስብርባሪ ጀርመንኛዋ አንድ ነገር አለችው። አስፋ ቀስ ብሎ ተረጎመልኝ። «ቤት የለኝም። ዛሬ ግን እንግዶች አሉኝ» ነው ያለችው። ልመና የለበትም። ሰውየው እሷን አየ፣ ማሰሮውን አየ፣ እኛንም አየ። ከዚያ ከበሩ ጎን ያለችውን የራሱን የጥበቃ ክፍል ከፍቶ አስገባን፤ ያለችውንም አንድ ወንበር ለጋሽ ከተማ ለቀቀላቸው።

በልጅነታቸው ዲያቆን የነበሩት ጋሽ ከተማ ጸሎቱን አደረሱ፤ ድፎው ተቆረሰ። ማሰሮው ውስጥ ያለው፣ የሻረግ ለጠላ ጌሾ አጥታ የሞላችው ጥቁር ቢራ ነው። ለጠባቂውም ደረሰው፤ እኛን አይቶ በሁለት እጁ ተቀበለ። የሻረግ ግን አልተቀመጠችም። ከማለዳ ጀምሮ እህል በአፏ ሳይዞር ቆማ ትቀዳለች፣ ትጨምራለች፣ «በሞቴ ብሉ እንጂ!» እያለች ትቆጣናለች። ነፋሱ በሩን ባንኳኳ ቁጥር ዞር ብላ ታያለች።

በመጨረሻ ጋሽ ከተማ «ባለተራው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» ብዬ ተነሳሁ። ማሰሮውን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት፤ እሷ ግን አልለቀቀችውም። ሁለታችንም ይዘነው ቆምን። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ማንም አልገባም።

«ይዤዋለሁ የሻረግ» አልኳት። «ጄኔቭ ይገባል።»

ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች። ከዚያ ጥግ ላይ ያለ የጠባቂው የዕቃ ሳጥን ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ባዶ እጆቿን አየች።

«አሁን ራበኝ» አለች።