ባለ ሁለት ዓይኗ በቅሎ

የደባርቅ በቅሎ አከራዮች ማኅበር አርባ አባላት አሉት። ፍቅርአዲስ በሠራችው የስልክ መተግበሪያ የተመዘገበው ሰው ግን ሦስት ነው። ሁለቱ ገጹ ይሠራ እንደሆነ ስትሞክር ራሷ የውሸት ስም ሰጥታ ያስገባቻቸው ናቸው። ሦስተኛው ስልክ ጠጋኝ ነው፤ በቅሎ እንኳ የለው።

ፍቅርአዲስ ጎንደር ሶፍትዌር ተምራ የመጣች የማኅበሩ ሊቀ መንበር የአቶ ገዱ ልጅ ናት። ቱሪስት ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ሳንቃ በር የሚወጣውን ባለተራ ለመምረጥ በየማለዳው ከባርኔጣ ውስጥ ዕጣ ይወጣል፤ ጭቅጭቁም አብሮ ይወጣል። ይህ የሰለቻቸው አቶ ገዱ በጉባኤ ፊት አፋቸውን ሞልተው፣ «ልጄ ተራውን በስልክ ታደርግላችኋለች» አሉ። አሁን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ሊሰበሰብ ነው። እስከዚያ ሁሉም ካልተመዘገበ ባርኔጣው ይመለሳል፤ አባቷም በሰው ፊት አንገታቸውን ይደፋሉ። ፍቅርአዲስን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር።

ያልሞከረችው የለም። ኢሜይል የሚጠይቀውን ሣጥን አነሣች፤ ኢሜይል ያለው በቅሎ ነጂ የለማ። ፊደሉን አተለቀች፣ ቁልፉን አረንጓዴ ቀባች። ከሁሉ በላይ ደረቁን ገጽ በሥዕል አሳመረችው፦ ጋቢ የለበሰ ሰው፣ ከጎን እየታየ፣ በቅሎውን እየሳበ «ይመዝገቡ» ወደሚለው ቁልፍ ይራመዳል። በሥዕሉ እንዴት ኮርታ ነበር! ሰዉ ግን ገጹን ይከፍታል፣ አራት ሰከንድ ያያል፣ ይዘጋል። የገዛ አባቷ እንኳ በጠየቀቻቸው ቁጥር «ኔትዎርክ የለም» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ በዚያው ስልክ ድብ ባሕር ካለች እህታቸው ጋር ግማሽ ሰዓት ያወራሉ።

ዓርብ ዕለት ትዕግሥቷ አለቀና ጋሽ ሰጠኝ የተባሉትን አንጋፋ በቅሎ ነጂ በቅሎ ማሰሪያው አጠገብ ያዘቻቸው።

«ጋሽ ሰጠኝ፣ እስቲ እኔ ፊት ይክፈቱት።»

ከፈቱት። አዩት። አማተቡና ዘጉት።

«ምነው?»

«ምነው ትያለሽ እንዴ! ይሄ አንድ ዓይና ማነው?»

«ከጎን ስለሚታይ ነው እንጂ ሁለት ዓይን አለው!»

«የታለ ታዲያ? ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሚ ግድግዳውን አታይም? ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ያዩሻል። ከጎን በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ናቸው፣ ዲያብሎስ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስሜን ከይሁዳ ሥር ላስጽፍ?»

ፍቅርአዲስ ያንን ግድግዳ ስታይ ነው ያደገችው። በራሷ ተናደደች፤ እየሮጠች ቤት ገብታ ሰውየውን ወደ ፊት አዞረችው፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖችም ሰጠችው። ቅዳሜ ጠዋት ለጋሽ ሰጠኝ አሳየቻቸው።

«እሱስ ጻድቅ ሆነ» አሉ ስልኩን አቅርበው እያዩ። «በቅሎዋስ ምን በድላ ነው?»

«በቅሎ እኮ ናት!»

«ዳማ በቅሎዬን ከኩነኔ ጎራ አቁመሽ እኔን ብቻዬን ልታጸድቂኝ?» ከልባቸው ተቀየሟት።

በቅሎን ፊት ለፊት መሣል ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዋ ጉጉት ሆና ወጣች። ሁለተኛዋ በፈተና የወደቀች ተማሪ መሰለች። ሦስተኛዋ ግን ጆሮዎቿን አቁማ፣ ሁለት ዓይኖቿን አፍጥጣ፣ «ምን ትጠብቃለህ? ተመዝገብ!» የምትል ሆነች። ጋሽ ሰጠኝ ተመዘገቡና ላገኙት ሁሉ አሳዩ፤ ከሰዓት በኋላ የተመዝጋቢዎቹ ቆጣሪ አሥራ ሁለት አለ፣ ከዚያ ሃያ ስድስት። እሑድ ጉባኤው ሲሰበሰብ ከአርባዎቹ ሠላሳ ዘጠኙ ገብተዋል።

የቀሩት አቶ ገዱ ብቻ ናቸው። ስልካቸውን ይዘው በሰው ሁሉ ፊት ቆመዋል፤ አውራ ጣታቸው ይወርድና ይመለሳል።

«አባባ፣ ኔትዎርክ የለም እንዳይሉኝ» አለች ፍቅርአዲስ።

«የለም ልጄ፣ ኔትዎርኩስ አለ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰውየው ደህና ነው። በቅሎዋም ደህና ናት። ይቺስ?»

የምስጢር ቃል ከሚጻፍበት ሣጥን ጥግ ላይ፣ የተጻፈውን ለማየት የምትነካ ትንሽ ምልክት አለች። ዓይን ናት። አንድ ዓይን።

ጉባኤው አጉረመረመ። ሰው ሁሉ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ምስጢሬን ስትሰልል የከረመችው ይቺ ናት!» ብለው ጋሽ ሰጠኝ ብድግ አሉ።

ፍቅርአዲስ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፈተችና ከምልክቷ ዓይን አጠገብ ሌላ ዓይን ሣለች። «አሁን እንደገና ይክፈቱት።»

አቶ ገዱ ከፈቱት። ፊታቸው ፈካ። ስማቸውን ጻፉ። የምስጢር ቃላቸውንም ፊደል በፊደል እየለቀሙ ጻፉ። ሁለቱን ዓይኖች ነክተው የጻፉትን አዩና እስከ ገበያው በሚሰማ ድምፅ አነበቡት፦

«ፍቅርአዲስ ገዱ!»

«አባባ! ምስጢር እኮ ነው!» አለች፤ ሳቋም እንባዋም አብሮ መጣ።

«የምን ምስጢር?» አሉ አቶ ገዱ ደረታቸውን ነፍተው። «የማን ልጅ እንደሆንሽ እዚህ የማያውቅ አለ?»