ወፎቹ ሳይመጡ ጸደይ የለም

የልጅ ልጄ ፔታ በዓለም ደቡብ ጫፍ፣ ብሩኒ ደሴት ላይ ባለው ቤቴ፣ በጓዳው ክፍል ተቀምጣ ብቻዋን የኮምፒውተር ጨዋታ ትሠራለች። ከጀመረች አራት ዓመት ሆናት። ተጫዋቹ እንደኛ ባለች ደሴት ይኖራል፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ አጥር ይጠግናል፣ ወቅት ሲለወጥ ያያል። በጋውን፣ መኸሩንና ክረምቱን በየተራ ለገዢዎች አውጥታለች። ጸደዩ ግን ዘገየ። ዓምና ጸደይ ሲገባ ደሴታችን የሚደርሱትን የባሕር ወፎች ድምፅ ልትቀዳ ስትወጣ ዝናብ መቅጃውን አበላሸባት፤ ወፎቹ ደግሞ ተመልሰው የሚመጡት በዓመቱ ነው። ይኸው የክረምቱ ክፍል ከወጣ አሥራ አራት ወር ሆነው።

ጨዋታውን የገዙት ሰዎች የሚከራከሩበት የኢንተርኔት ገጽ አለ። ፔታ ማንበብ ትታለች። እኔ በየጠዋቱ መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ፤ ስለሷ ክፉ ሲወራ ሳላውቅ ከምቀር ዐውቄ እንቅልፍ ባጣ ይሻለኛል። ግማሾቹ «ተዉአት፣ ትሥራበት» ይላሉ። ግማሾቹ «ጨዋታው ሞቷል፣ ቀብሩ መቼ ነው?» ይላሉ። የነዚህ አውራ ራሱን «ጥቁር መልሕቅ» የሚል ሰው ነው። «ሴፕቴምበር እስኪያልቅ ካላወጣች ሁላችንም ባንድ ቀን ዝቅተኛውን ነጥብ እንስጣት» ብሎ አሳደመባት።

የነገርኳት እኔው ነኝ። ምነው አፌን በያዘው! ቁርሷን ሳትነካ ገፋችው።

«በቃ አያቴ፣ ሌላ ሰው የቀዳውን የወፍ ድምፅ አስገብቼ አወጣዋለሁ። ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ጨርሺውና ተኚ ስትዪኝ የከረምሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ተኚ አልኩሽ እንጂ አታልዪ አልኩሽ?»

ኮቷን አንሥታ ጀልባ ላይ ወደምትሠራው የቀን ሥራዋ ሄደች። ኮምፒውተሯ ክፍት ነበር። ተቀመጥሁና በሁለት ጣት ጻፍሁ፦

«ወፎቹ ከሰሜን ዋልታ አጠገብ ተነሥተው ነው የሚመጡት። በሴፕቴምበር መጨረሻ ይደርሳሉ። እናንተ ስለጮኻችሁ አንድ ቀን አይቀድሙም። ያልተመቸው በሩ ክፍት ነው። አንተ ጥቁር መልሕቅ ደግሞ፣ መልሕቅ ሥራው ዝም ብሎ መቀመጥ መሰለኝ።»

ከላክሁት በኋላ ነው ስሙን ያየሁት። የወጣው በፔታ ስም ነው። ገጹ ተቀወጠ፤ «ሰደበችን!» የሚለው «ደግ አደረገች!» ከሚለው ጋር ተያያዘ።

ማታ ስትመለስ ሳትቀመጥ ነገርኳት። «አጥፊው። እጄ ይሰበር» አልኳት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሳቀች፤ ከስንት ወር በኋላ! ከሥሩ ጻፈች፦ «ይህን የጻፈችው አያቴ ናት። እኔ ብሆን እንዲህ በትሕትና አልናገርም ነበር። ጸደይ ወፎቹ ሲመጡ ይወጣል።»

ሴፕቴምበር ሃያ ሰባት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አሸዋው ላይ ቆምን። ወፎቹ ከባሕሩ እንደ ጥቁር ደመና መጡ፤ እንቁላል የሚጥሉበትን ጉድጓዳቸውን እየፈለጉ በጆሯችን ሥር እያፏጩ አለፉ። ፔታ መቅጃውን ይዛ ድንጋይ ሆነች። እኔ ብርድ እንዳይመታት ተጨነቅሁ።

አድመኞቹ እንደዛቱት አደረጉ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጣት። እኔ አለቀስሁ፤ እሷ ሥራዋን ቀጠለች።

ጸደይ በኖቬምበር ወጣ። ጨዋታው ውስጥ፣ ከወፎቹ ጩኸት መሐል የኔ ድምፅ ይሰማል፦ «ፔታ፣ ኮፍያሽን! ጆሮሽ!»

ጥቁር መልሕቅ በዚያው ቀን «አሮጊቷን ከዚያ አውጪልን» ብሎ ጻፈ።

ፔታ በአንድ ቃል መለሰችለት፦ «አትወጣም።»