አራት ቁጥር የሌለበት ኖታ

እኔ ነገር የምደብቅ ሴት አይደለሁም። አፌ ላይ የመጣውን ነው የምናገረው፤ ባለቤቴም ኦርኬስትራውም ይመሰክራሉ። አንድ ነገር ብቻ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤ ኖርኩ፤ እሱም ሊገድለኝ ምንም አልቀረው።

የግራ እጄ ትንሿ ጣት አልታዘዝ አለችኝ። ሐኪሙ አገላብጦ አያትና፣ "ሠላሳ ዓመት ቫዮሊን ላይ አሠርተሻታል፤ ከእንግዲህ እንደ ድሮዋ አትሆንም" ብሎ ወረቀቱን ጻፈ። ለእሱ አንዲት ጣት ናት። ለእኔ ግን የኦርኬስትራው የመጀመሪያ ወንበር ናት። እዚያ ለመድረስ ከኋላ ረድፍ እየተንፏቀቅኩ አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጣቷ ሞተች ከተባለ ማን ያስቀምጠኛል?

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። እኛ ቫዮሊን ተጫዋቾች ጣት የምንቆጥረው ከጠቋሚ ጀምረን ነው፤ ትንሿ አራት ናት። ኖታው ላይም የትኛው ጣት የቱን እንደሚጫን በእርሳስ በቁጥር እንጽፋለን። እኔ አንድ ቀን ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገብቼ አራት ቁጥሮቼን ሁሉ በላጲስ አጠፋኋቸው። አራት የምትጫነውን ድምፅ ብዙ ጊዜ ቀጥሎ ያለው ክር ጣት ሳይነካው ባዶውን ሲሳብ ይሰጣል። ባይሰጥ እንኳ እጄን ሸርተት አድርጌ በሦስት እይዘዋለሁ። አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ በላብ እጠመቃለሁ።

ድርሰትም እጽፋለሁ። ሦስት ጽፌ ሦስቱንም መሳቢያ በልቷቸዋል። አራተኛውን የኦርኬስትራው መሪ አነበቡትና፣ "ይሄንንስ እንጫወተዋለን" አሉኝ። አንድ ቫዮሊን ብቻውን ይጀምራል፣ ኦርኬስትራው ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ዘፋኝ ትገባለች። ቫዮሊኑን የምጫወተው እኔ ነኝ። ተንኮሌን ልንገራችሁ፦ ድርሰቱን የጻፍኩት በባዶ ክሮቹ ዙሪያ ነው። ትንሿ ጣቴ ከዳር እስከ ዳር እግሯን አንፈራጣ ብትተኛ ማንም አያውቅባትም።

ኮንሰርቱ አራት ቀን ሲቀረው ጉድ ፈላ። ዘፋኟ ዝቅ ያለው ድምፅ ላይ ስትደርስ አየር ብቻ ይወጣት ጀመር። መሪው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና፣ "ሁሉንም ግማሽ ድምፅ ከፍ እናድርገው። ኖታውን ዛሬ ማታ አዲስ አትመን እናስቀምጣለን" አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ክው አልኩ። ግማሽ ድምፅ ከፍ አለ ማለት አንድም ባዶ ክር አይጠቅመኝም ማለት ነው።

"ለምን ሙቅ ውኃ አትጠጣም?" አልኩ።

"ማን?"

"ዘፋኟ ነቻ!"

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። መሪው፣ "ምነው? ግማሽ ድምፅ እኮ ነው" አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳ?

ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ ዕቃ ቤት ውስጥ በር ዘግቼ፣ ቫዮሊኑ ላይ ድምፅ ማፈኛ ሰክቼ ሞከርኩ። ባለቤቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ መፍቻውን ሊወስድ መጥቶ ሲያንኳኳ፣ "ሂድልኝ!" ብዬ ጮኽኩበት። ሁለት ቦታ ላይ ምንም ብል ምንም አልሆነም። ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ፦ ድርሰቴን አንስቻለሁ፣ ምክንያቴ የግል ነው። ስጽፈው አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ።

በማግሥቱ ደብዳቤውን ቢሮ ልሰጥ ማልጄ ሄድኩ። በመለማመጃው አዳራሽ ሳልፍ ግን እግሬ ወደ ወንበሬ ወሰደኝ። አዲሱ ኖታ መቆሚያው ላይ ተቀምጧል። በእርሳስ ተጽፎበታል።

ደሜ ፈላ። እኛ ዘንድ ሁለት ሰው አንድ ኖታ ያነባል። የእኔ ቁጥሮች ከመስመሩ በላይ ይጻፋሉ፣ ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው ቁጥሮች ከታች። ከጎኔ የሚቀመጠውን "ዳኛው" ነው የምንለው፤ በዓመት ሦስት ቃል ቢናገር ነው፣ እሱንም ፊቱን አኮሳትሮ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ወደ ላይ አልፎ ጽፎ አያውቅም። አሁን ግን ከላይ ያለው የእሱ ጽሑፍ ነው። ምን ቆርጦት ነው በእኔ ቦታ የሚጽፈው?

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ። ገጹን ገለጥኩ። ሁለት፣ አንድ፣ ሦስት። በሁለቱ ገጽ ላይ አንድም አራት የለም። ትናንት ያቃቱኝ ሁለት ቦታዎች ተከብበዋል፤ ከጎናቸው "እኔ" ይላል።

ዳኛው ገባና ኮቱን ቀስ ብሎ ማውለቅ ጀመረ።

"ይሄ ምንድነው?" አልኩት።

"ጣት ነው።"

"ጣትነቱ ጠፍቶኝ ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"አራቶቹን ያጠፋሽ ቀን።"

"ማንም አላየኝም እኮ!"

"አንቺ ሴትዮ" አለ ኮቱን እየሰቀለ፣ "ያጠፋሽበት ወረቀት እኮ የእኔም ነው።"

አፌን ያዝኩ። ወይ እኔ! ሁለት ዓመት ከዓለም ስደበቅ፣ ዓይኑ ከዓይኔ እኩል እዚያው ወረቀት ላይ የተተከለውን ሰው ረስቼዋለሁ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አልጠየቅሽኝም። ግን እነዚያ ቦታዎች ላይ ጠንከር አድርጌ እስብ ነበር።"

ይሄኔ ነው የወደቅኩት። ስንት ጊዜ ነው በሰው ፊት "ድምፅህ በዛ፣ አንተ ብቻህን ነህ እንዴ?" ብዬ የሰደብኩት! እሱ እቴ፣ ፊቱን አኮሳትሮ መሳቡን ይቀጥላል። ጥፋቴን እየሸፈነልኝ ነበር። "ይቅር በለኝ" ስለው ትከሻውን ነቀነቀና ደጋኑን ማጥበቅ ጀመረ።

በእሱ ዘዴ ብንሄድ ማንም አያውቅም ነበር። ሁለት ቦታ ላይ እሱ ጣልቃ ይገባል፣ አለቀ። ግን ለሦስተኛ ዓመት መደበቅ አቃተኝ፤ ደከመኝ በቃ። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ትቼ ኖታውን ይዤ መሪው ቢሮ ገባሁ፤ ሁሉንም ሳልተነፍስ ዘረገፍኩት። ሰምተው ሲያበቁ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጠጡ።

"እፎይ!" አሉ።

"ምን?"

"ድርሰትሽን የጠላሽው መስሎኝ ነበር። ትናንት በዘፋኟ ላይ እንደዚያ ስትጮኺ፣ ልታነሺብን ነው ብዬ ስሰጋ ዋልኩ። ጣት ነው እንዴ? ደራሲዋ አንቺ አይደለሽ? ለሁለት ቫዮሊን አድርጊዋ!"

አይገርማችሁም? ደራሲዋ እኔ መሆኔን ረስቼዋለሁ።

"ወንበሩስ?" አልኳቸው።

"ወንበሩን ለዳኛው ትለቂያለሽ" አሉ ሳያቅማሙ። "አንቺ ከጎኑ ትሆኛለሽ። ከአንቺ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ድርሰት እፈልጋለሁ።"

ይህችን ቃል ስፈራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ስትመጣ ግን ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ትከሻዬ ቀለለኝ፤ ደረጃውን ስወርድ አፏጭቻለሁ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ጎርፍ የሚያህል ትንፋሽ ተነፈሰና፣ "እኔ ደግሞ ዕቃ ቤት እየገባሽ በስልክ ከሰው ጋር የምታወሪ መስሎኝ!" አለኝ። እስኪያመን ሳቅን።

ሁለተኛውን ቫዮሊን በሁለት ቀን ጻፍኩት፤ ሁለት ድምፅ ብቻ አልሰጠሁትም፣ መሐሉን በሙሉ ለዳኛው አደረግኩት። የኮንሰርቱ ዕለት ጀመርኩ፣ እሱ ተቀበለኝ፣ እኔ ቫዮሊኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ማረፍ ነበረብኝ። ይህን ሙዚቃ ከጻፍኩት ጀምሮ ስጫወተው የምሰማው ጣቴን ብቻ ነበር፦ ደረሰች፣ አልደረሰችም፣ አወቁብኝ፣ አላወቁብኝም። አሁን እጄ ሥራ ፈታና ሙዚቃውን ሰማሁት። ያምራል! የእኔ ስለሆነ አይደለም፤ በእውነት ያምራል። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እየሳቅኩም ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ መግቢያዬን አሳልፌ የማላውቅ ሴትዮ፣ በገዛ ድርሰቴ ላይ ዘግይቼ ገባሁ።