ደጋሿ የተቀመጠችበት ድግስ

ቡታጅራ ውስጥ ድግስ ያለባት ሴት አትቀመጥም። ነጠላዋን በወገቧ አስራ፣ ማማሰያ ይዛ፣ «ብሉ እንጂ፣ ምነው አልበላችሁም» እያለች ስትሮጥ እንግዳው በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል። እሷ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ የምትሰማው በማግስቱ ከጎረቤት ነው። ልብስ ሰፊዋ ዘነበች ግን በዚህኛው ድግስ እንዲህ አልሆንም ብላ ቆርጣለች።

ምክንያት ነበራት። ከአራት ዓመት በፊት ልጇን ሳሙኤልን ስትድር ባሏ ሽፈራው ሦስት ጊዜ ሰው ልኮ «ነይና አጠገቤ ተቀመጪ» ብሏት ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ከጓዳ አልወጣችም። ሽፈራው በዓመቱ ሞተ። ዛሬ ስለዚያ ሠርግ ስታስብ ትዝ የሚላት የወጡ ድስት ብቻ ነው፤ ይህ ነገር አንጀቷን ይበላዋል።

አሁን፣ በ1998 ሐምሌ፣ ሴት ልጇ ማርታ በነርስነት ተመርቃ አታት ሆስፒታል ተመድባለች። ዘነበች ድግሱን እንደ ቀሚስ ለካችው። የጓዳው በር ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ ረቡዕ ቅቤ ይነጠራል፤ ሐሙስ አይብ ይወጣል፤ ዓርብ ቆጮ ይጋገራል፤ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ዘነበች ትቀመጣለች።

የመጨረሻዋን መስመር ያነበበ ሁሉ ሳቀ። ለሃያ ዓመት ጎረቤቷ የሆነችው ሳሌሃ ደግሞ፣ «አንቺ ከተቀመጥሽ እኔ ተነስቼ እጨፍራለሁ» አለቻት።

«ጫማሽን አዘጋጂ» አለች ዘነበች።

ከእንግዶቹ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ የቤተ ክርስቲያኗ ሰው ስለሆነ፣ እንደ አገሩ ልማድ ሁለት ወይፈን ታረደ። አንዱን የሳሌሃ ባል ሀቢቡ፣ ሌላውን ከወልቂጤ የመጣው የሟች ባሏ ወንድም አስረስ አረዱ። ቢላው ለየብቻ፣ መክተፊያው ለየብቻ። አንደኛው ወገን የሌላውን ሥጋ አይቀምስምና ዘነበች ምልክት አበጀች፦ የሙስሊሞቹ ክትፎ በኮባ ቅጠል፣ የክርስቲያኖቹ በነጭ ጨርቅ ይሸፈን። ይህንን ለጓዳ ሴቶች ሁሉ ነገረች። ለአስረስ መንገር ግን ወረቀቱ ላይ አልሰፈረም ነበር።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ታጥባ፣ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሳሎኑ መሀል ተቀመጠች። ሰው ዓይኑን ማመን አቃተው። ትንሽ ቆይቶ ጓዳ ስታግዝ የነበረችው የሳሌሃ እህት ከድጄ ጎንበስ ብላ፣ «እስቲ አንዴ ነይ» አለቻት።

ጓዳ ውስጥ ሁለቱም ትሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም በኮባ ቅጠል ተሸፍነዋል። አጠገባቸው አስረስ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል።

«ክትፎ በጨርቅ ሸፍነሽ ልታቀርቢ ነበር?» አላት። «የጉራጌ ቤት እኮ ነው። ጨርቁን ጣልኩት፣ ከጓሮ ኮባ ቆርጬ አለበስኩልሽ። ቦታቸውንም አስተካክያለሁ።»

«የእኛ የትኛው ነው?»

አስረስ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«አንዴ ከተከተፈማ እንኳን እኛ እናቱም አትለየውም» አለች ከድጄ፣ ሳቋ መጥቶባት ወደ ደጅ ወጣች።

አስረስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝም ብለን እናቅርበው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ዘነበች። «ሳሌሃ ሃያ ዓመት ሙሉ እጄን አምና ስትበላ ኖራለች። ዛሬ አላታልላትም።»

የዱሮዋ ዘነበች ብትሆን ነጠላዋን በወገቧ ታስርና ሌላ ሥጋ ልታስመጣ ትራወጥ ነበር። እጇም ወደ ነጠላው ሄዶ ነበር፤ መለሰችው። ሁለት ጎላ ሙሉ የጎመን ክትፎ አለ፤ አይቡ አለ፤ ቆጮው ተቆልሏል። የሥጋ ክትፎ የሌለበት የጉራጌ ድግስ ስትደግስ ሰው ምን ይላል? ምን እንደሚል ታውቀዋለች፤ እስከ መስቀል ሲያወራት ይከርማል። ያውራ።

ወጥታ ሳትሸፋፍን ተናገረች። «ሁለቱ ሥጋ ተቀላቅሎብናል። የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ስለዚህ ለማንም አላቀርብም። ሁላችንም ጎመንና አይብ እንበላለን።»

ቀድመው የተናገሩት የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ አቶ ሸዋንግዛው ነበሩ። «እኔ ለዚህ ክትፎ ብዬ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አሉ በሐዘን፣ ሰዉም በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ከሙስሊሞቹ ወገን ሳሌሃ ተነሳች። «ምግቡ አንድ ከሆነ ወዲያና ወዲህ የተቀመጥነው ለምንድን ነው?» ብላ ሳሎኑን አቋርጣ መጣችና ዘነበች አጠገብ ተቀመጠች። ሌላውም እየተነሳ ተቀላቀለ። በሃያ ዓመት ጉርብትና ሁለቱ ሴቶች በትልቅ ድግስ ላይ ከአንድ ሳህን ሲበሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሳሌሃ ጎመኑን በቆጮ ጠቅልላ አጎረሰቻት፤ ዘነበችም መልሳ አጎረሰቻት።

አስረስ ሥጋውን ምን እንደሚያደርገው ቸግሮት ከጓዳ ሁለት ጊዜ ጠራት። አልተነሳችም።

ያኔ ማርታ ለማመስገን ቆመች። መጀመሪያ የጠራችው የአባቷን ስም ነበር። ከዚያ ዓይኗ እናቷን ጓዳው በር ላይ ፈለገ፤ እዚያ አላገኛትም። ዞር ስትል ፊት ለፊቷ፣ ከእንግዶቹ መሀል ተቀምጣ አየቻት። ዘነበች እያለቀሰች ነበር፣ ለመደበቅም አልሞከረችም። ልጇ ንግግሯን እስክትጨርስ ድረስ አንድ ቃል አላመለጣትም።