ባለ ሁለት ወንበሯ ጣውንት

ጋሽ ሜትር ዕድሜ ልኩን የሰውን ወገብና ትከሻ ሲለካ ኖሮ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ለራሱ ልክ የሆነች ነገር አገኘ። ቀይ ናት፤ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው። አዲስ ብትሆን ኖሮ በህልሙም አይደፍራትም ነበር። ይቺ ግን ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት፣ አራት ባለቤት የፈታች የስፖርት መኪና ናት፤ አራቱም ለምን እንደተለዩዋት ሞተሯ ጠዋት ጠዋት እያሳለ ይናገራል።

ስሙ የወጣለት አንገቱ ላይ ከምትንጠለጠለው መለኪያ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁም የመኖሪያ ቤቱ የፊት ክፍል ነው። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ ሚስቱ ትዘመዝማለች፣ የቁልፍ ቀዳዳ ታወጣለች፣ ትተኩሳለች። ድሮ በዚያ ቤት መኪና ማለት የስፌት መኪናው ብቻ ነበር። አሁን ሁለት ሆኑ።

«አንደኛዋ መኪና ሳምንቱን ሙሉ ተክ ተክ ብላ ያመጣችውን፣ ሁለተኛዋ በአንድ ጉርሻ ትውጠዋለች» ትላለች ሚስቱ፤ ውሸት የለውም።

በሱቁ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። ለአንድ ልብስ አርባ ስፒል ይወጣል፤ አርባውም ተቆጥሮ ወደ ትንሿ የስፒል ትራስ ካልተመለሰ ልብሱ ከበር አይወጣም። ሕጉን ያወጣችው ሚስቱ ናት። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ሙሽራ ሱሪው ውስጥ የተረሳ ስፒል ይዞ ሄደና፣ በሠርጉ ቀን ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ ሲል ዋለ። ፎቶው ሁሉ ላይ እንደቆመ ነው። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ቢያለቅስ እንኳ ሳትቆጥር አትሰጥም።

ጋሽ ሜትር የጥገና ወጪን የሚያሰላው በሱፍ ነው። ፍሪሲዮን አራት ሱፍ። ራዲያተር ሁለት ሱፍና አንድ ሱሪ። የፊት ፍሬን፣ እግዜር ይስጠው፣ አንድ ሰደርያ ብቻ። መካኒኩን ሰው ሁሉ ጆሮ ይለዋል፤ ረጅም ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣልና። አዳምጦ ሲጨርስ «ትንሽ ነገር ናት፣ ጋሼ» ይላል። ይቺ «ትንሽ ነገር» ከሁለት ሱፍ በታች ወርዳ አታውቅም።

ግን ደግሞ ጠዋቱ አለ። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት፣ መንገዱ ገና ባዶ ሳለ፣ ጣሪያውን አጥፎ ከከተማው ወጣ ወዳለው ጠመዝማዛ መንገድ ይሄዳል። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ላይ የጎበጠው ጀርባው መሪውን ሲይዝ ቀጥ ይላል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲቀይር ሞተሯ ሳሏን ትረሳና ታንጎራጉራለች። በዚያች ግማሽ ሰዓት ሱሪ ማሳጠር የለም፣ «ለነገ ይድረስልኝ» የለም። ደስ ይለዋል። ሌላ ምክንያት አይፈልግለትም፤ ደስ ይለዋል። ሲመለስም ፊቱ በርቶ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ እየሳቀ ነው የሚገባው፤ ሚስቱ ካውያዋን ይዛ ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች።

የወንበሮቹ ቆዳ ተቀዳዶ ስለነበር በራሱ እጅ ሊያለብሳቸው ወሰነ። ልብስ ሰፊ ሆኖ ለወንበር ልባስ ለሌላ ሰው መክፈል ለሱ ሞት ነው። ሚስቱ እህቷን ልትጠይቅ በሄደችበት አንድ እሑድ፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረችውን ባለ አርባዋን አሮጌ የስፒል ትራስ ይዞ ግቢው ውስጥ ተንበረከከ። የራሱን ወንበር እንደነገሩ ሰፋው። የእሷን ግን ተጨነቀበት። ካውያ ላይ ስትቆም ከርማ ወገቧን ታማለች፤ ስለዚህ ከጀርባው ዝቅ ብሎ ስፖንጅ ጨመረበት፤ ጠርዙን በልኳ አጠበበው። ሜትር አላነሳም። የእሷን ልክ በቃሉ ነው የሚያውቀው። ሳትመጣ ልጨርስ ብሎ እየተጣደፈ የመጨረሻውን ክር በጥርሱ ሲበጥስ የበሩን ድምፅ ሰማ፤ ዕቃውን ሰብስቦ የመኪናዋ የኋላ ሻንጣ ውስጥ ወረወረው። ስለ ወንበሩም ምንም ሳይነግራት ቀረ። «ስትቀመጥ ራሷ ታውቀዋለች» አለ በልቡ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ሚስቱ ጥሩ ጫማዋን አድርጋ መኪናዋ ውስጥ ገባች። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ሞተሩ ያለ ሳል፣ ያለ ስንብት፣ ድርግም አለ። ጥሩ ጫማዋን እንዳደረገች ገፋች። ከዚያ በታክሲ ወደ ቤቷ። ጆሮ መጣና የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ ተቃጥሎ አገኘው።

«ፊውዝ ዝም ብሎ አይቃጠልም፣ ጋሼ። ፓምፑ ደክሟል፤ ትንሽ ነገር ናት።»

ፓምፕ ተቀየረ። ሦስት ሱፍ። ጆሮ ብቻውን ይዟት ዞረ፤ እንደ ሰዓት ትሠራለች። ጋሽ ሜትርም ጠዋት ጠዋት ሁለት ሳምንት ነዳት፤ አንድ ቀን እንኳ አላስቀየመችውም። ሚስቱን ይዞ በወጣ ቀን ድልድዩ ላይ ቆመች። ፊውዙ እንደገና ተቃጥሎ ነበር፤ ዲናሞ ተቀየረ። አሁንም ለብቻው ሲሆን ሰላም።

«ጣውንት አመጣህብኝ» አለች ሚስቱ እየሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም። «አንተን ታከንፋለች፤ እኔ ስገባ ታኮርፋለች።»

ነገሩ ጋሽ ሜትርን ቆረቆረው። «እንግዲህ ሦስተኛ ጊዜ ብታቆመን፣ ትሸጣለች። ቃሌ ነው» አለ። ጋሽ ሜትር ደግሞ ከተናገሩት የሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ሰው ነው።

ሦስተኛው ጊዜ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ሆነ፤ ስልሳ የሚሆን ሰው ሥራ ፈትቶ በቆመበት። አንዱ «ጋሼ፣ ሙሉ ልብስ ያልብሷት፣ በርዷት ነው!» ብሎ ሕዝቡን አሳቀ። ሚስቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወረደችና ገፋች። ይህ ለሱ ከስድብ የባሰ ነበር። ቤት ሲገቡ ስልኩን አነሳና ቀድሞ መኪናዋ ላይ ዓይኑን ለጣለ አንድ የጥርስ ሐኪም ደወለ። ሐኪሙ የቆየ ደንበኛቸው ነው። «ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ መጥተው ይዩዋት፤ ከተስማማችዎ ይወስዷታል» አለው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ሜትር ቀይ መኪናውን እያጠበ ነው። ከሚገባው በላይ ቀስ ብሎ ነው የሚያጥበው። ሚስቱ ጨርቅ ይዛ ወጣች።

«ሻንጣውን ባዶ ላድርገው» አለች። «ሐኪሙ ከእነዚያ ቤት የቆሸሸ ነገር ገዛሁ እንዳይል።»

ክሪኩን አወጣች፤ ዘይት የነካው ፎጣ አወጣች፤ ከጥግ ደግሞ አሮጌዋን የስፒል ትራስ። ቆም አለች። እጇ ከአእምሮዋ ቀድሞ መቁጠር ጀምሮ ነበር፤ የሃያ ዓመት ልማድ ነው። ቆጥራ ጨረሰች። እንደገና ቆጠረች።

«በዚች ምን ሰፍተህባት ነበር?»

«ወንበሮቹን።»

«ስትጨርስ ቆጥረሃል?»

ጋሽ ሜትር ስፖንጁን እንደያዘ ቀረ። ውሃው በክርኑ በኩል እጅጌው ውስጥ ገባ። አርባ ዓመት የሠራ እጅ፣ ለሰው ሱሪ አርባውን ስፒል የሚለቅም እጅ፣ ለገዛ መኪናው አልቆጠረም።

«እየተጣደፍኩ ነበር» አለ በቀጭን ድምፅ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው።»

መጀመሪያ የሱን ወንበር በመዳፏ ዳበሰች፣ የተተኮሰ ኮት እንደምትፈትሽ፣ ከጠርዝ ወደ መሀል። ምንም የለም። ወደ ራሷ ዞረች። ዳበሰች፤ የለም። ከዚያ ጉልበቷን ወንበሩ ላይ አድርጋ ክብደቷን ጫነችና ከሥሩ እጇን ሰደደች።

«ወይኔ!» ብላ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። «አገኘኋት።»

ጋሽ ሜትር ምላጭ አምጥቶ የገዛ ስፌቱን ፈታ። ስፒሏ ስፖንጁን በስታ ወርዳ፣ ከወንበሩ በታች በሚያልፉት ሽቦዎች ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ጫፏ ከስሏል። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ብረቱን አትነካም፤ ሰው ሲቀመጥበት ግን ጎንበስ ብላ ሽቦውን ከወንበሩ ብረት ጋር ታገናኘዋለች። ያን ጊዜ ፊውዙ ቻው። በዚያ ወንበር ደግሞ ከሚስቱ በቀር ሰው ተቀምጦበት አያውቅም።

ለጆሮ ደወለለት። ጆሮ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ጋሼ… እኔ እኮ ሁሌም ብቻዬን ነው የሞከርኳት» አለ። «ሽቦውን ደህና አድርገው በቴፕ ይጠቅልሉት። ስለ ፓምፑ… ያው፣ አዲስ ፓምፕ መጥፎ አይደለም።»

ጋሽ ሜትር ሽቦውን ጠቀለለ፤ ፊውዝ መቀየር ከሆነ እንደ ቁልፍ መትከል ለምዶታል። ቀና ሲል ሚስቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ስፒሏን በጣቶቿ መሀል ታሽከረክራለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምን ሆንሽ? ጣትሽ አመመሽ?»

«ጣቴማ ምን ይሆናል» አለች። «ጠዋት ጠዋት ያለ እኔ ሄደህ እየሳቅህ ትመለሳለህ። እኔ ስገባ ይቆማል። ከበድኳት፣ አረጀሁባት፣ ይቺ ነገር ለእኔ አልተሠራችም አልኩ። በሷ ብቻ ሳይሆን… ባንተም ከብጄብህ እንደሆነ። እንዲህ እያሰብኩ ነው የከረምኩት። ሞኝ ነኝ፣ አይደል?»

ጋሽ ሜትር ቴፑን ኮፈኗ ላይ አስቀመጠ። አጠገቧ ቁጭ አለ፤ እርጥብ እጁን በሱሪው አበሰ።

«የተጣደፍኩት እኮ በአንቺ ወንበር ነው» አለ። «የኔን በአንድ ሰዓት ነው የጨረስኩት። ያንቺን ግን ለወገብሽ ብዬ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ተቀምጠሽ ዝም ስትዪ፣ አልወደደችውም ብዬ ተውኩት።»

«መች አስቀመጠኝና! ገና ሳልደላደል እገፋ የለ እንዴ?»

ተያዩና ሁለቱም ሳቁ። ሚስቱ ተነሥታ መርፌና ክር አመጣች፤ የተፈታውን ስፌት ራሷ ሰፋችው፤ የሷ ስፌት ከሱ ይልቅ ደቃቅ ነው። ከዚያ ስፒሏን ወደ ትራሷ መለሰች፤ አርባ።

«አሁንም ቃል ቃል ነው» አለ ጋሽ ሜትር ሰዓቱን እያየ። ፊቱን ማየት ያሳዝን ነበር። «ሦስት ጊዜ ካቆመች ትሸጣለች ብያለሁ።»

«ለማን ነው ያልከው?»

«ላንቺ።»

ሚስቱ ወደ መኪናዋ ሄደች። በሩን ከፍታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በዝግታ ወደ ኋላ ተደገፈች፤ ወገቧ ያን የተጨመረ ስፖንጅ አገኘው። ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ ሜትር እንደዚያ ስትቀመጥ ካያት ስንት ዓመት እንደሆነው ማስታወስ አልቻለም።

አራት ሰዓት ሲል ጥርስ ሐኪሙ መጣ፤ የፀሐይ መነጽር ሳይቀር አድርጓል። መኪናዋን አንዴ ዞራት፤ እጁን በኮፈኗ ላይ አሳለፈ።

«እንዴት ያማረች ናት! ጋሼ፣ አንድ ዙር ልሞክራት?»

ጋሽ ሜትር አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ቀድማ የተናገረችው ሚስቱ ናት። ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ተይዟል።»

ሐኪሙ ባልየውን አየው፣ ሚስትየዋን አያት፤ መነጽሩን አወለቀ። «ጋሼ እንዲህ ያለ ፊት ይዘው ሲሸጡልኝ መች ደስ ይለኝ ነበር» ብሎ ሳቀ። «የምትሰፉልኝ ኮትስ?»

«ኮትዎ ማክሰኞ ይደርሳል» አለችው። «ተቆጥሮ።»

ሐኪሙን ሸኝተው ወጡ። አደባባዩን ዞሩት፤ ድልድዩን ተሻገሩት። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ጋሽ ሜትር ሳያስፈልግ ጥሩምባ ነፋ። ከከተማው ወጥተው ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ሲያስገባ መኪናዋ ማንጎራጎር ጀመረች፤ የሚስቱ ፀጉር ቆመ፤ ሳቋን ነፋስ ወሰደው። «ጠዋት ጠዋት ብቻህን የምትበላው ይሄን ነው?» ብላ ጮኸችበት።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ከኋላ ጎማ በኩል ቀጭን ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ሜትር ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ሚስቱ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«ይሄስ ስንት ሱፍ ነው?»

«ሁለት» አለ በፍርሃት። «ምናልባት ሁለት ተኩል።»

ወደ ኋላ ተደገፈች፤ እግሯን ዘረጋች።

«አንተ ትቆርጣለህ፣ እኔ እዘመዝማለሁ» አለች። «አሁን ዝም ብለህ ንዳ።»