የአማቴን ቴፕ እንዴት እንዳስተካከልኩት

እኛ አሮጌ ኮምፒውተር የምንሰበስብ ሰዎች የተበላሸ ነገር አያስጨንቀንም። የተበላሸ ነገር ቤታችን ሞልቷል፤ ሚስቶቻችን ይመሰክራሉ። እኛን የሚያስጨንቀን የሚሠራ ነገር ነው። የሚሠራ ማሽን ፊት ከተቀመጥን እጃችን ካቻቢቴ ይፈልጋል። «እስቲ ትንሽ ላስተካክለው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ማሽኑም እኛም እንደ ድሯችን አንሆንም።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ እንገናኛለን። በቀረው ሳምንት ስልካችን ላይ ባለው ግሩፕ እንጨቃጨቃለን። የምንጨቃጨቅበት ኮምፒውተር ዛሬ ሁሉም ቤት ያለው ዓይነት አይደለም፤ ያኔ ቴሌቪዥን ላይ እየተሰካ፣ ፕሮግራሙን ከተራ የሙዚቃ ካሴት ላይ እያነበበ ይሠራ የነበረው ነው። አንድ ጨዋታ ተነቦ እስኪያልቅ ሰው ፀጉሩን ተቆርጦ ይመለስ ነበር። ያውም ተመልሶ መጥቶ «ስህተት» የሚል ጽሑፍ ሊጠብቀው ይችላል። እኛ ይህን ወርቃማው ዘመን እንለዋለን።

ከመካከላችን ሐኪሙ የምንለው ሰው ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ስሙን ያገኘው ማሽኑ ሳይከፈት መድኃኒት ስለሚያዝዝ ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፦ «ሄዱን አጽዳ፣ ከዚያ አቅናው።» ሄድ ማለት ካሴቱን በሚያጫውተው ቴፕ ውስጥ ካሴቱ ላይ ተለጥፋ የምታነብ፣ ጥፍር የምታህል ብረት ናት። ጋሽ ስታኞ ደግሞ ከስልክ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከኪሳቸው የብየዳ ስታኞ አይጠፋም። ችግሩ ምንም ይሁን ምን «ብየዳው ለቋል» ይላሉ። አንድ ጊዜ ሐኪሙ ወገቤን አመመኝ ሲል እንዲህ ማለታቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ የሁለቱንም ምክር እሰማለሁ። ጉዴ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

አማቴ ሹራብ ይሠራሉ። ሳሎናቸውን የያዘው የሹራብ ማሽን ልክ እንደኛ ዓይነት በሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ይታዘዛል፤ የትኛው መርፌ ነጭ ክር፣ የትኛው ሰማያዊ ክር እንደሚይዝ የሚነግረው እሱ ነው። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ሁሉ እስካሁን ሠርቶ የሚበላ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የኛዎቹ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ይጦራሉ።

የአማቴ ትልቁ ሥራ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። ደረቱ ላይ አርማ አለ፤ የተከፈተ መጽሐፍ ላይ የቆመች ወፍ። ይህችን ወፍ ዓይናቸው ደህና በነበረ ጊዜ ራሳቸው ነጥብ በነጥብ ኪቦርዱ ላይ መትተው፣ ካሴት ላይ ቀርጸዋታል። ሌላ ግልባጭ የላትም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል፤ ስለዚህ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ካሴቱ እየጮኸ ወፏን እንደገና ይነግረዋል። ዛሬ አማቴ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት እንኳ ሰው ይጠራሉ። ካሴቱ ከጠፋ ወፏ የለችም፤ ወፏ ከሌለች ትምህርት ቤቱ ሹራቡን አይረከብም።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ቴፑ ታመመ።

«እናቴ ቴፑ እምቢ አለኝ ትላለች» አለች ባለቤቴ ስልኩን እየዘጋች። «አንተ ያንን ነገር ታውቀዋለህ አይደል?»

«የቱን ነገር?»

«የቱን እንደሆነማ አንተ ንገረኝ። ስንት ዘመን አቅፈኸው ስትዞር ያየሁትን።»

በትዳር ዘመናችን ሁሉ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ካቻቢቴዎቼን፣ አልኮልና ጥጤን፣ የቀዶ ጥገና የሚመስል መብራቴን ይዤ ሄድኩ። ቴፑን ከፈትኩት። ችግሩ ሞተሩ ካሴቱን የሚያዞርበት የጎማ ቺንጋ ነበር፤ እንደ አሮጌ ሱሪ ላስቲክ ላልቷል። ከዕቃዬ ውስጥ ልኩን መርጬ ቀየርኩለት። ካሴቱ ጮኸ፤ ወፏ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አለች።

«ተባረክ ልጄ!» አሉ አማቴ። «ለካ ሥራም ትችላለህ?»

አንድ አስተዋይ ሰው ቢሆን ዕቃውን ሰብስቦ፣ ምርቃቱን ተቀብሎ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። «የሚሠራ ማሽን፣ በአገልግሎት ላይ» ብዬ ጻፍኩበት። ትንሽ ልመሰገን ፈልጌ ነው።

ሐኪሙ ወዲያው መለሰ። «ሄዱን አየኸው? ዘሟል እኮ። ሰካራም ይመስላል።»

ጋሽ ስታኞ ተከተሉ። «ብየዳውንም እይ።»

አየሁት። እውነትም ሄዱ ዘሟል። ካየሁት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። አማቴ ኮምፒውተሩን ትንሽ ይረፍ ብለው አጥፍተው ምሳ ሊያቀርቡ ገብተዋል። እኔ ማስተካከያ የሚሆን የሙዚቃ ካሴት አስገብቼ፣ የሄዱን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞርኩ አዳመጥኩ። ዘፈኑ እየጠራ፣ እየጠራ መጥቶ ዘፋኙ ሳሎን የገባ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ሄድ በሕይወቴ አላየሁም። ይህንንም ለጠፍኩ፤ አውራ ጣት ዘነበልኝ።

ከምሳ በኋላ አማቴ ካሴታቸውን አስገቡ። ድምፁ ትራስ ውስጥ አፉን ቀብሮ የሚጮህ ሰው ድምፅ ሆኗል። ቴሌቪዥኑ ላይ ወፏ በመምጣት ፈንታ «ስህተት» የሚል መጣ። አጠንጥነው ደገሙት። ስህተት። እንደገና ደገሙት።

«ምን አደረግኸው?»

«አስተካከልኩት።»

«ተስተካክሎ አልነበር?»

«አዎ፤ አሁን ግን በጣም ተስተካከለ።»

አማቴ አዩኝ። ዓይናቸው ደክሟል ያልኩትን በከፊል እመልሳለሁ። «ልጄ» አሉ፤ «ግማሹ ሹራብ ደረቱ ባዶ ነው። ያቺን ወፍ ካጣኋት በዚህ ዓይኔ ሁለተኛ አልሠራትም። እንደነበረች መልስልኝ።»

እንደነበረች! እንዴት እንደነበረች ማን ያውቃል? ብሎኗ ላይ ምልክት አላደረግሁም። ቀጥ ያለው አንድ ነው፤ የዘመመው ግን ስፍር ቁጥር የለውም።

የእሁዱ ስብሰባችን በአማቴ ሳሎን ሆነ። ሐኪሙ ሁለት ሻንጣ፣ ጋሽ ስታኞ ስታኟቸውን ይዘው መጡ። አማቴ ሹራብ ከሚሠሩበት ወንበር ሳይነሱ ተቀበሏቸው፤ ባለቤቴ ሻይ አቅርባ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኛን ማየት አልፈለገችም።

«ካሴቱ ሞቷል» አለ ሐኪሙ፣ ሻዩን ሳይቀምስ።

አማቴ ማሽኑን ያዝ አደረጉ።

«እንዲህ አይባልም በሰው ፊት!» አሉ ጋሽ ስታኞ። «አልሞተም እመቤቴ። ብየዳው ነው የለቀቀው።»

«ካሴት ምን ብየዳ አለው ጋሼ?» አለ ሐኪሙ።

«የቴፑን ማለቴ ነው እንጂ! ሁሉን ነገር ካልተብራራልህ አይገባህም?»

ሲከራከሩ የሙዚቃውን ካሴት አስገባሁ፤ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። የአማቴን አስገባሁ፤ ትራስ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ወፏ የተቀረጸችው በዚሁ ቴፕ፣ በዚሁ በዘመመ ሄድ ነው። ስለዚህ ቀረጻውም እኩል ዘሟል። ካሴቱና ቴፑ እኩል ተጋድመው፣ ተስማምተው ኖረዋል። መሐላቸው ገብቼ ያጣላኋቸው እኔ ነኝ።

«መልሼ ላጣምመው ነው» አልኩ።

ሐኪሙ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምኑን?»

«ሄዱን።»

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ? ቀጥ ያለ ሄድ?»

«ያንተው ምክር ነው እዚህ ያደረሰን! ያኔ ስንት ያህል ዘሞ ነበር? ፎቶውን አውጣው እስቲ።»

ፎቶውን አወጣነው። አውራ ጣቴ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ጥፍሬ ሥር ያለው ቆሻሻ ሳይቀር ይታያል። ሄዱ ከአውራ ጣቴ ጀርባ ነው።

«ቆይ» አልኩት፤ «ሄዱ እዚህ ፎቶ ላይ የለም።»

«የለም።»

«ታዲያ ዘሟል ያልከኝ ምኑን አይተህ ነው?»

ሐኪሙ አሰበበት። «ሁልጊዜ እኮ ይዘማል» አለ።

አማቴ ከማሽናቸው ቀና ብለው ሁላችንንም በተራ አዩን። ከዚያ እኔን ለብቻ አዩኝ፤ ልጃቸውን የሰጡት ለዚህ መሆኑን የሚያስቡ ይመስሉ ነበር።

የቀረን ጆሮ ብቻ ነው። ወፏ ጥርት ብላ የምትጮህበትን ቦታ ፈልገን እዚያ ላይ ማቆም። እኔ ብሎኗን በፀጉር ልክ አዞራለሁ፤ እነሱ ይሰማሉ። ግን የጋሽ ስታኞ ጆሮ ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ የሐኪሙ ጆሮ የሚሰማው ራሱን ነው።

«እዚህ ጋ!» ይላል ሐኪሙ።

«አልፎታል» ይላሉ ጋሽ ስታኞ።

ቴሌቪዥኑ ስህተት ይላል።

ወደ ግራ ወሰድኩት፤ ወደ ቀኝ መለስኩት። ካሴቱ በተጠነጠነ ቁጥር አማቴ ይሳቀቃሉ፤ ያረጀ ነው፣ አንድ ጊዜ ቢበጠስ አለቀ። ሐኪሙ ድምፁን ከፍ አደረገው። ያኔ ባለቤቴ ከጓዳ ጮኸች።

«ኧረ በፈጣሪ! ያንን ድምፅ ቀንሱት!»

«ቆይ አንዴ» አልኩና ብሎኗን ትንሽ ገፋሁ።

«ባሰበት እኮ! ከልጅነቴ ጀምሮ ጥርሴን ያረገፈው ጩኸት!»

ሦስታችንም ተያየን። ያደገችው በዚህ ሳሎን ነው። በማለዳ ሲቀሰቅሳት የኖረው ይህ ድምፅ ነው። ብሎኗን ጥቂት ጨመርኩ።

«አሁንስ የኔ እመቤት? ከድሮው ጋር ሲተያይ ያናድዳል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው እሱ?»

«መልሺልኝማ፤ ያናድዳል?»

«ድሮ ይበልጥ ያናድድ ነበር!»

ጥቂት ጨመርኩ። ሌላ ጥቂት ጨመርኩ። የጓዳው በር ተበርግዶ ባለቤቴ ማማሰያ ይዛ ብቅ አለች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«በቃ! ዝጉልኝ! አሁኑኑ ዝጉልኝ አልኩ!»

እጄን ከብሎኗ አነሳሁ። ካሴቱን አጠንጥነን ከመጀመሪያው አስጀመርነው፤ ባለቤቴ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ማማሰያው ከራሷ በላይ ቆሞ ጠበቀች። ጩኸቱ አበቃ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ፣ ብልጭ አለ፣ ከዚያ መጽሐፉ መጣ፤ መጽሐፉ ላይ ወፏ።

ሐኪሙ ሊያጨበጭብ ሲል አማቴ እጃቸውን አነሱ። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አሉ። ባለቤቴን ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አስመጧት፤ እሷም ብሎኗን ዳግም እንዳትዞር ቀለም አልብሳ ደፈነቻት። ሐኪሙ እንዲህ ሲደረግ ማየት አልቻለም፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አሁን ግልባጭ እንቅረጽላት» አልኩ። «አንድ ካሴት ብቻ ላይ መተማመን...»

«መጀመሪያ ሹራቡ» አሉ አማቴ። «ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ቅረጽ፤ እኔ አጠገብህ ቆሜ።»

ትእዛዙ እስኪያልቅ ድረስ ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ ተወሰነ፤ ከጠፋ ወፏን እንደገና መለመን ሊመጣ ነው። የሶኬቱ ገመድ ደግሞ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ነው የተዘረጋው። ስለዚህ ለኔ የተሰጠኝ የቴክኒክ ሥራ ሶኬቱ አጠገብ ወንበር ላይ መቀመጥና ማንም ገመዱን እንዳይጠልፈው መጠበቅ ሆነ። ሐኪሙና ጋሽ ስታኞ ሊያግዙኝ ተራ ገቡ። ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ይህ ክፍል የያዘውን ያህል የሚያውቅ ሰው በአካባቢው የለም፤ ሁላችንም ሶኬት እንጠብቃለን።

ማሽኑ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከሥሩ ሰማያዊ ጨርቅ እየረዘመ ይወርዳል፤ መጽሐፉ አለቀ፣ የወፏ እግር ጀመረ። አማቴ አንዴ በጣታቸው ዳበሷት፤ ትከሻቸው ወረድ አለ።

የሐኪሙ ተራ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ገመዱን ብቻ ሲያይ ቆየ፤ ለሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀስ በቀስ አንገቱ ወደ ኮምፒውተሩ ዘንበል አለ።

«ይሄ ኪቦርድ» አለ በሹክሹክታ፣ «ትንሽ አቧራ ይዟል እኮ። አንዷን ቁልፍ ብቻ ነቀል አድርጌ...»

«እጅህን» አሉ አማቴ፣ ከሹራቡ ቀና ሳይሉ።

ሐኪሙ እጁን ኪሱ ከተተ። ጋሽ ስታኞም፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ የሳቸውን ከተቱ። እኔ የኔን ቀድሞውንም አላወጣሁም ነበር።