የወለተ ኢየሱስ ወይራዎች

እንዳላማው መቅዘፊያውን ጀልባው ውስጥ ጥሎ ከእንግዶቹ ኋላ ዳገቱን ሲያያዘው፣ ዛሬ የመጣው ይምጣ ብሎ የእናቱን ስም በሰው ፊት ሊያስጠራ ቆርጦ ነበር።

የመስኖው ግድብ ሞልቶ ኮረብታውን ደሴት ካደረገው ወዲህ ከግርጌው የነበረው የእናቱ የወለተ ኢየሱስ መቃብር ከውሃ በታች ነው። ከእሷ የተረፈ ነገር ቢኖር ኮረብታው አናት ላይ የቆሙት ወይራዎች ናቸው። ዘጠኝ ዓመት መካን እየተባለች ስትሰደብ ኖራ፣ «ልጅ ስጪኝ፤ ይህን ራቁቱን የቀረ ደጅሽን አለብሰዋለሁ» ብላ ኮረብታው ላይ ላለችው ኪዳነ ምሕረት ተሳለች። እንዳላማው ተወለደ። እሷም ከወንዝ በእንስራ ውሃ እያመላለሰች፣ በመቀነቷ እየለካች፣ ስልሳ ወይራ አጸደቀች። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግማሹ ሞተዋል፤ ግማሹ በግድቡ ተነሥተው ወደ ደጀን ሄደዋል።

የወጣቶቹ ማኅበር በየጥቅምቱ «የቅርስ ጉዞ» እያለ ከተሜውን ያስዞራል። ከዚያ ጠላው ይቀዳል፣ ክራሩ ይመታል፣ ስለ ተፈጥሮ ግጥም ይነበባል። እንዳላማው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያሻግራቸው «እስቲ ና ተቀመጥ» ያለው አልነበረም።

አስጎብኚዋ የብርጓል ወይራዎቹ ሥር ቆመች።

«እንግዶቻችን፣ እነዚህን የሰው እጅ አልነካቸውም። ወፍ ዘራሽ ናቸው። አሰላለፋቸውን እዩልኝማ! ተፈጥሮ ራሷ በገመድ ለክታ ያቆመቻቸው አይመስልም?»

እንግዶቹ ፎቶ አነሱ።

«አንቺ ልጅ፣ የሰው እጅማ ነክቷቸዋል» አለ እንዳላማው። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ። «የተከለቻቸው እናቴ ወለተ ኢየሱስ ናት። ከወይራ እስከ ወይራ ሁለት መቀነት ነው። ከፈለጋችሁ ለኩት!»

ጎረቤቱ መሳፍንት፣ ከማኅበሩ መሪዎች ጋር ወንበር ተሰጥቶት የተቀመጠው፣ ዋንጫውን ሳያስቀምጥ ሳቀ። «ኧረ እንዳላማው! እናትህ ወፍ ነበረች እንዴ? መቀነቱስ የታለ?»

«አብሯት ተቀበረ።»

«እንግዲያው ጠልቀህ አምጣዋ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የብርጓል ግን አልሳቀችም። ከቦርሳዋ አንዲት መጽሔት አወጣች።

«አያ እንዳላማው፣ ወፍ ዘራሽ ናቸው ያሉን እኮ እርስዎ ነዎት።»

እንዳላማው መጽሔቱን አፍጥጦ አየው። ያን ነገር ከእሱ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለውም ነበር። ግድቡ ሳይሞላ ተማሪዎች ስለ ኮረብታው ሊያጠኑ መጥተው ነበር። መሳፍንትን ወንበር ላይ አስቀምጠው ድምፁን ሲቀርጹ ዋሉ፤ እሱን «አባት፣ የሜትሩን ጫፍ ይያዙልን» ብለው ፀሐይ ላይ ገተሩት። ሊሄዱ ሲሉ አንዱ፣ «እርስዎስ፣ ማን እንደተከላቸው ሰምተው ያውቃሉ?» አለው። መሳፍንት ተቀምጦ እሱ ፀሐይ ላይ መቆሙ አናዶት ነበር። «ማን ይተክላቸዋል? ወፍ ዘራሽ ናቸው!» አለ። እንኳን የእናቱን ስም፣ ውሃም አልሰጣቸውም። ቃሉን ጽፈው «እዚህ ላይ ጣትዎን ያትሙ» ሲሉት ደግሞ ይባስ ተናደደ። አራተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ጣቱን አያትምም። እስክሪብቶውን ነጥቆ ስሙን ከነአባቱ ጥርት አድርጎ ጻፈ።

አሁን የብርጓል የተማሪዎቹ ጥናት የወጣበትን ገጽ ዘረጋችለት፤ ቃሉ ከነፊርማው ታትሟል። ፊደሉ የራሱ ነው።

«ያን ቀን ተናድጄ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«በምን?»

በሜትሩ ጫፍ ሊል አስቦ አፈረ። ለዚህ ለዚህ እናቱን እንደካደ እንዴት ይናገር? ልጅቷ ዝምታውን የእርጅና መርሳት አድርጋ ወሰደችው መሰለው፤ ትከሻውን ደገፍ አድርጋ ወደ እንግዶቹ ዞረች።

«እንግዶቻችን፣ ያላችሁት በምንጫችን ፊት ነው። የደሴታችንን ታሪክ የነገሩን እኚህ አባት፣ አያ እንዳላማው ናቸው። እስቲ እናጨብጭብላቸው!»

አጨበጨቡ። መሳፍንትም አጨበጨበ። እንዳላማው ዕድሜውን ሙሉ ስሙ በሰው ፊት እንዲጠራ ሲመኝ ኖሮ ተጠራለት። አንዷ ጠላ በዋንጫ አምጥታ ሰጠችው፤ ሌላው ወንበሩን ለቀቀለት። አልተቀመጠም።

ቁልቁለቱን ወርዶ ጀልባው ውስጥ ገባ። ውሃው ረግቷል። እናቱ ከዚያ በታች መቀነቷን ታጥቃ ተኝታለች።

ሲመለሱ ባለ መነጽር እንግዳ አጠገቡ ተቀመጠ። «አባት፣ ቅድም ስለ እናትዎ የጀመሩት ነገር ነበር...»

እንዳላማው መቅዘፊያውን አነሣ።

«የኔ ልጅ፣ መጽሔቱ ላይ ተጽፏል» አለው፤ ቀዘፈም።